«አንድ ማንኪያ» ስንት ነው? የአሜሪካን የፈሳሽ መለኪያ ወደ ሊትርና ሚሊ ሊትር ስለ መለወጥ



በዚህ እትም የትምህርት ገጻችን የምንመለከተው ስለ አንድ በሽታ ሳይሆን ስለ ፈሳሽ መለኪያ ነው። ርዕሱ የትምህርት ቤት የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ቢመስልም በየቤታችን ከሚታመሙ ሕፃናት ሕይወት ጋር የተያያዘ ነው። እዚህ ካኩማም ሆነ በሌሎች የአካባቢያችን መጠለያ ጣቢያዎች ውሃ የሚቀዳው በሊትር ነው፤ ክሊኒኩም መድኃኒት የሚያዝዘው በሚሊ ሊትር ነው። ነገር ግን ብዙ ቤተሰቦች አሜሪካ ከሚኖሩ ዘመዶቻቸው የትኩሳት ሽሮፕ፣ የሕፃን ጡጦ ወይም የዱቄት ወተት ይደርሳቸዋል። በእነዚህ ዕቃዎች ላይ የሚነበበው ደግሞ ጋሎን፣ አውንስ፣ የሻይ ማንኪያ፣ የሾርባ ማንኪያ የሚል ነው። ቁጥሩን አንብቦ የመለኪያውን ስም የዘለለ ሰው ለልጁ ከታዘዘው ሦስት እጥፍ ወይም ሲሶውን ብቻ ሊሰጥ ይችላል።

የዚህ ትምህርት ዓላማ አንባቢው፦
1. የአሜሪካን መለኪያዎች ወደ ሊትርና ሚሊ ሊትር መለወጥ እንዲችል፣
2. ትንሽ ልዩነት የማይጎዳበትንና የሚጎዳበትን ቦታ ለይቶ እንዲያውቅ፣
3. በቤቱ ያሉትን ኩባያና ማንኪያ ራሱ ለክቶ እንዲፈትን ማድረግ ነው።

ሁለቱ የመለኪያ ሥርዓቶች

የመጀመሪያው ሥርዓት ሜትሪክ ይባላል። አብዛኛው ዓለም የሚጠቀመው በዚህ ነው። 1 ሊትር 1,000 ሚሊ ሊትር ነው። በመርፌ ቱቦ ላይ «ሲሲ» ተብሎ የሚጻፈውም ያው ሚሊ ሊትር ነው፤ 5 ሲሲ ማለት 5 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። አሠራሩ በ10፣ በ100 እና በ1,000 ስለሆነ ስሌቱ ቀላል ነው።

ሁለተኛው በአሜሪካ የሚሠራበት የቆየ ሥርዓት ነው። የዚህ አከፋፈል እንደሚከተለው ነው፦
- 1 ጋሎን = 4 ኳርት
- 1 ኳርት = 2 ፓይንት
- 1 ፓይንት = 2 ካፕ
- 1 ካፕ = 8 ፈሳሽ አውንስ
- 1 ፈሳሽ አውንስ = 2 የሾርባ ማንኪያ
- 1 የሾርባ ማንኪያ = 3 የሻይ ማንኪያ

እንግዲህ ጋሎን በ4፣ ካፕ በ8፣ የሾርባ ማንኪያ በ3 እየተከፈለ ስለሚሄድ በጭንቅላት ለማስላት ያስቸግራል። ለዚህ ነው ማናቸውንም ከአሜሪካ የመጣ መለኪያ አስቀድመን ወደ ሚሊ ሊትር ለውጠን ከዚያ በኋላ መሥራት የሚሻለው።

የመለወጫ ሰንጠረዥ

- 1 የሻይ ማንኪያ = 4.93 ሚሊ ሊትር፤ በተግባር 5 ሚሊ ሊትር
- 1 የሾርባ ማንኪያ = 14.79 ሚሊ ሊትር፤ በተግባር 15 ሚሊ ሊትር
- 1 ፈሳሽ አውንስ = 29.57 ሚሊ ሊትር፤ በተግባር 30 ሚሊ ሊትር
- 1 ካፕ = 236.6 ሚሊ ሊትር፤ በተግባር 240 ሚሊ ሊትር
- 1 ፓይንት = 473 ሚሊ ሊትር
- 1 ኳርት = 946 ሚሊ ሊትር
- 1 ጋሎን = 3.785 ሊትር፤ በተግባር 3.8 ሊትር

ይህን ሁሉ በቃል መያዝ አያስፈልግም። 5፣ 15፣ 30፣ 240 እና 3.8 የሚሉትን አምስት ቁጥሮች የያዘ ሰው ለቤት የሚበቃውን ያህል ያውቃል።

በማሸጊያ ላይ የሚገኙ አሕጽሮተ ቃላት

የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ ጥቂት ፊደሎችን መለየት ቢችል ራሱን ከስህተት ይጠብቃል። የሻይ ማንኪያ የሚጻፈው ቲ፣ ኤስ፣ ፒ በሚሉ ሦስት ፊደሎች ነው። የሾርባ ማንኪያ ግን አራት ፊደል አለው፤ ቲ፣ ቢ፣ ኤስ፣ ፒ ነው። ልዩነቱ በመካከል የገባችው አንዲት ቢ ብቻ ናት፤ ይህች አንዲት ፊደል መጠኑን በሦስት እጥፍ ታሳድገዋለች። በአንዳንድ የምግብ አሠራር ጽሑፍ ላይ ደግሞ ትንሿ ቲ የሻይ ማንኪያን፣ ትልቋ ቲ የሾርባ ማንኪያን ታመለክታለች።

አውንስ የሚጻፈው ኦ እና ዜድ በሚሉ ሁለት ፊደሎች ነው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አውንስ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንደኛው የፈሳሽ፣ ሁለተኛው የክብደት መለኪያ ነው። የፈሳሹ አውንስ ከፊቱ ኤፍ እና ኤል የሚሉ ፊደሎች ይጨመሩበታል፤ 30 ሚሊ ሊትር ያህልም ነው። የክብደቱ አውንስ 28 ግራም ያህል ነው። በዱቄት ወተት ቆርቆሮ ላይ 12 አውንስ ተብሎ ቢጻፍ 340 ግራም ዱቄት አለው ማለት እንጂ ይህን ያህል ፈሳሽ ይወጣዋል ማለት አይደለም።

አሰላሉ እንዴት ነው?

ደንቡ አንድ ነው። ከአሜሪካ መለኪያ ወደ ሚሊ ሊትር ወይም ወደ ሊትር ሲሄዱ በሰንጠረዡ ቁጥር ያባዙ፤ ወደ ኋላ ሲመለሱ ያካፍሉ።

ምሳሌ 1፦ በሕፃን ጡጦ ላይ 6 አውንስ የሚል መስመር አለ። 6 × 30 = 180 ሚሊ ሊትር።

ምሳሌ 2፦ በወረቀት ላይ «2 የሻይ ማንኪያ» ተጽፏል። 2 × 5 = 10 ሚሊ ሊትር።

ምሳሌ 3፦ ሕመምተኛው 600 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ጠጥቷል። በአውንስ ስንት ነው? 600 ÷ 30 = 20 አውንስ።

ለጋሎን ደግሞ ወረቀትና እርሳስ የማይፈልግ አቋራጭ መንገድ አለ። ጋሎኑን በ4 ያባዙና ከውጤቱ ላይ ከ20 አንድ እጅ ይቀንሱ። 5 ጋሎን ሲሆን 5 × 4 = 20፤ ከ20 አንድ ሲቀነስ 19 ሊትር ይሆናል። ትክክለኛው 18.9 ስለሆነ ለማናቸውም የቤት ሥራ ይበቃል። ከሊትር ወደ ጋሎን ሲሄዱ ደግሞ በ4 ያካፍሉና ከ20 አንድ እጅ ይጨምሩበት። የ20 ሊትር ጀሪካን 20 ÷ 4 = 5፤ ጥቂት ሲጨመርበት 5.25 ጋሎን ገደማ ይሆናል።

ስለ ጀሪካን ካነሳን፣ ይህ ዕቃ 20 ሊትር የሆነበት ምክንያት አለው። መጀመሪያ የተሠራው በጀርመን ጦር ለነዳጅ መያዣነት ሲሆን ልኩም በሊትር የወጣ ነበር። «ጀሪ» በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እንግሊዞች ጀርመኖችን ይጠሩበት የነበረ ስም ነው። ዕቃው ከነስሙ ወደ እኛ ደረሰ።

ልዩነቱ የሚጎዳው የት ላይ ነው?

አንዳንድ ሰው ስሌቱን ሲማር እያንዳንዷን ነጥብ ካላስተካከልኩ ብሎ ይጨነቃል። ሌላው ደግሞ ሁሉንም በግምት ያደርጋል። ሁለቱም ልክ አይደሉም። ከ100 እጅ አምስት ወይም ስድስት የሚሆን ልዩነት ብዙውን ጊዜ ጉዳት የለውም፤ እጥፍና ሦስት እጥፍ የሆነ ልዩነት ግን ሕፃንን ሊጎዳ ይችላል። ከዚህ በታች ያሉት ምሳሌዎች ይህንን ያሳያሉ።

ሀ. የተቅማጥ ንጥረ ነገር (ኦ.አር.ኤስ.)

በአገር ቤት ብዙዎቻችን «ለምለም» እያልን የምንጠራው ኦ.አር.ኤስ. አሁን የሚሠራበት ቅንብር የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2002 ያወጡት ነው። በዚህ መሠረት 20.5 ግራም የሚመዝነው ከረጢት የሚበጠበጠው በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ነው።

አንዲት እናት ይህንን ከረጢት በአሜሪካ የ1 ኳርት ጠርሙስ ብትበጠብጠው ውሃው 946 ሚሊ ሊትር ስለሆነ ውህዱ በጥቂቱ ይወፍራል፤ ልዩነቱ ከ100 እጅ 6 ያህል ነው። ይህ አያስጨንቅም። ነገር ግን በ1 ፓይንት ዕቃ ወይም በግማሽ ሊትር የውሃ ጠርሙስ ብትበጠብጠው ጨውና ስኳሩ እጥፍ ይሆናል። እንዲህ ያለ የወፈረ ውህድ በሕፃኑ ደም ውስጥ ያለውን ጨው ከልክ በላይ ሊያሳድገው ይችላል፤ ይህም ለአደጋ ያጋልጠዋል። በግማሽ ጋሎን ዕቃ ብትበጠብጠው ደግሞ ውሃው ወደ 1.9 ሊትር ስለሚጠጋ ውህዱ ይቀጥናል፤ ሕፃኑ በተቅማጥ ያጣውን ጨው አይተካለትም።

ስለዚህ አስቀድመው ከረጢቱን ያንብቡ፤ ለግማሽ ሊትር ወይም ከዚያ ላነሰ ውሃ የተዘጋጀ ከረጢትም አለ። ለ1 ሊትር የሆነውን በሁለት የግማሽ ሊትር ጠርሙስ ሙሉ ውሃ ይበጥብጡ። የተበጠበጠው ከ24 ሰዓት በላይ ከቆየ ይድፉትና አዲስ ያዘጋጁ።

ከእያንዳንዱ ተቅማጥ በኋላ የሚሰጠው መጠን ከ2 ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ ከ2 እስከ 10 ዓመት ለሆነ ልጅ ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር ነው። ይህ በሻይ ማንኪያ ሲሰላ ለትንሹ ሕፃን ከ10 እስከ 20 ማንኪያ ማለት ነው። ልጁ ቢያስመልሰው 10 ደቂቃ ቆይተው ቀስ እያሉ እንደገና ይስጡት።

ከረጢት በሌለበት ጊዜ በቤት የሚዘጋጀው በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ጨው ነው። ከአሜሪካ በመጣ ጽሑፍ ላይ ውሃው «4 ካፕ ከሩብ» ተብሎ ሊገኝ ይችላል፤ ያው 1 ሊትር ነው። በዚህ አሠራር ማንኪያውን ማሳሳት ከባድ ነገር ነው። ጨውን በሾርባ ማንኪያ የለካ ሰው ሦስት እጥፍ ጨው ጨምሯል፤ ማንኪያውን የቆለለ ከሆነ ደግሞ ከዚያም ይበልጣል።

ለ. የትኩሳት ሽሮፕ

በሽሮፕ ላይ ትልቁ አደጋ የሻይና የሾርባ ማንኪያ መለዋወጥ ነው። ለልጁ 5 ሚሊ ሊትር ታዝዞ 15 ሚሊ ሊትር ቢሰጠው በአንድ ጊዜ ሦስት እጥፍ ወሰደ ማለት ነው። በየቤቱ ያለው ማንኪያም እርስ በርሱ አይመሳሰልም፤ «የሻይ ማንኪያ» ብለን የምናስቀምጠው ሁሉ 5 ሚሊ ሊትር አይይዝም። በዚህ ምክንያት የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2015 የሚዋጥ ፈሳሽ መድኃኒት በማንኪያ ሳይሆን በሚሊ ሊትር ብቻ እንዲታዘዝና እንዲለካ መክሯል። ማንኪያን የለመደው አገር ራሱ ለልጆች መድኃኒት ሲሆን ሚሊ ሊትርን መርጧል ማለት ነው።

ሐ. ልኩ አንድ ሆኖ ጉልበቱ ሲለያይ

ሚሊ ሊትሩን በትክክል መለወጥ ብቻውን አይበቃም። በአሜሪካ «አሴታሚኖፈን» ተብሎ የሚሸጠው እዚህ ፓራሲታሞል የምንለው መድኃኒት ነው። የአሜሪካው የልጆች ሽሮፕ በ5 ሚሊ ሊትር ውስጥ 160 ሚሊ ግራም መድኃኒት አለው። በእኛ አካባቢ በብዛት የሚገኘው ደግሞ በ5 ሚሊ ሊትር ውስጥ 120 ሚሊ ግራም ነው።

ለምሳሌ ክሊኒኩ ለአንድ ልጅ 240 ሚሊ ግራም ቢያዝ፦
- ከአካባቢው ሽሮፕ (120 በ5)፦ 10 ሚሊ ሊትር ይሰጣል።
- ከአሜሪካው ሽሮፕ (160 በ5)፦ 7.5 ሚሊ ሊትር ይሰጣል።

«ክሊኒክ 10 ሚሊ ሊትር ብለውኛል» በማለት ከአሜሪካው ጠርሙስ 10 ሚሊ ሊትር የሰጠች እናት 320 ሚሊ ግራም ሰጥታለች። ስሙ ስለተለያየ ሁለቱን የተለያየ መድኃኒት አድርጎ አከታትሎ መስጠት ደግሞ ይበልጥ አደገኛ ነው፤ መድኃኒቱ አንድ ስለሆነ መጠኑ ይደራረባል። ከልክ ያለፈ ፓራሲታሞል ጉበትን ይጎዳል፤ ጉዳቱም በመጀመሪያው ቀን ምልክት ላያሳይ ይችላል። ስለዚህ «ልጁ ደህና ይመስላል» ብለው አይጠብቁ፤ መጠኑ እንዳለፈ ካወቁ ጠርሙሱን ይዘው ወዲያውኑ ወደ ክሊኒክ ይሂዱ። ከ2 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ከውጭ የመጣ ሽሮፕ ከመስጠትዎ በፊት የጤና ባለሙያ ያማክሩ።

መ. የዱቄት ወተት

ለሕፃን ከእናት ጡት ወተት የሚበልጥ የለም፤ እስከ 6 ወር ድረስም ሌላ ምግብ ወይም ውሃ አያስፈልገውም። ሆኖም በሕክምና ምክንያት ክሊኒኩ የዱቄት ወተት ያዘዘላቸው ሕፃናት ይኖራሉ። በአሜሪካ የሚሸጠው የዱቄት ወተት አብዛኛውን ጊዜ ለ2 ፈሳሽ አውንስ፣ ማለትም ለ60 ሚሊ ሊትር ውሃ አንድ ልሙጥ መስፈሪያ ይጨመርበታል። ከአውሮፓ የሚመጣው በብዛት ለ30 ሚሊ ሊትር አንድ መስፈሪያ ነው። የአንዱን ቆርቆሮ ልክ ለሌላው የተጠቀመ ሰው ወተቱን እጥፍ ያወፍረዋል ወይም በግማሽ ያቀጥነዋል። ስለዚህ መስፈሪያውን ከአንዱ ቆርቆሮ ወደ ሌላው አያዛውሩ፤ ልኩንም በየጊዜው ከቆርቆሮው ላይ ያንብቡ።

ሠ. ውሃ ማከሚያ

ለ20 ሊትር ውሃ ተብሎ የተሠራ የክሎሪን ኪኒን በ5 ጋሎን ባልዲ ቢጨመር ውሃው 19 ሊትር ያህል ስለሆነ ልዩነቱ ጥቂት ነው፤ ጉዳት የለውም። ይኸው ኪኒን በ1 ጋሎን ዕቃ ቢጨመር ግን ክሎሪኑ ከ5 እጥፍ በላይ ይሆናል፤ ውሃውም አይጠጣም። በተቃራኒው ለ10 ሊትር የተዘጋጀ ማከሚያ በ5 ጋሎን ባልዲ ከተጨመረ ከሚፈለገው ግማሽ ያህል ብቻ ነው። ውሃው የታከመ ይመስላል እንጂ በሽታ አምጪ ተሕዋስያን ሊቀሩበት ይችላሉ።

በፈሳሽ በረኪና ውሃ ማከምን በተመለከተ ከአሜሪካ በመጡ ጽሑፎች ላይ ለ1 ጋሎን ይህን ያህል ጠብታ የሚል መመሪያ ይገኛል። የጠብታው ቁጥር የተሰላው እዚያ ለሚሸጠው በረኪና ጉልበት ስለሆነ ጋሎኑን ወደ ሊትር ለውጠው ብቻ በሱቅ በሚገኘው በረኪና አይጠቀሙበት። በጣቢያው የሚታደለውን ማከሚያ በራሱ መመሪያ ይጠቀሙ።

ጋሎንም አንድ ዓይነት አይደለም

«ጋሎን» የሚለው ስም ራሱ ሁለት ልክ አለው። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1707 በሕግ የደነገጉት የወይን ጠጅ ጋሎን ወደ አሜሪካ ተሻግሮ እዚያ ቀረ። ይህ 3.785 ሊትር የሆነው ነው። ብሪታንያ ግን እ.ኤ.አ. በ1824 ይህንን ትታ ኢምፔሪያል የሚባል ሌላ ጋሎን አወጣች፤ ይኸኛው 4.546 ሊትር ነው። የእንግሊዙ ፓይንትም 568 ሚሊ ሊትር ስለሆነ ከአሜሪካው በ95 ሚሊ ሊትር ይበልጣል። ስለዚህ በዕቃ ላይ ጋሎን ብቻ ተጽፎ ካገኙ የየትኛው አገር እንደሆነ ይጠይቁ፤ ካልታወቀም ከዚህ በታች እንደተገለጸው ራስዎ ይለኩት።

የቤትዎን ዕቃ ይፈትኑ

ኩባያ፣ ጣሳ፣ ስኒ፣ ብርጭቆ ሁሉም የለመድናቸው መስፈሪያዎች ናቸው። ገበያ ላይ በቆሎ የምንሰፍርበት «ጎሮጎሮም» ቢሆን እንደ ሻጩ ቆርቆሮ ይለያያል፤ ጠርዙ የተጎበጠ ቆርቆሮ ምን እንደሚያጎድል ሁላችንም እናውቃለን። ከመድኃኒት ጋር ግን ክርክር የለም፤ ልኩን ማወቅ ግዴታ ነው።

1. ማንኪያ ለመፈተን፦ መርፌ የሌለው ንጹሕ የመድኃኒት መስጫ ቱቦ ይውሰዱ። 5 ሚሊ ሊትር ውሃ ስበው በማንኪያዎ ላይ ቀስ አድርገው ይጨምሩ። ውሃው ከፈሰሰ ማንኪያው ከ5 ያነሰ ነው፤ ካልሞላ ከ5 ይበልጣል።

2. ኩባያ ለመፈተን፦ ያልተከፈተ የ500 ሚሊ ሊትር የውሃ ጠርሙስ ይውሰዱና በኩባያዎ እየቀዱ ይቁጠሩ። በትክክል ሁለት ኩባያ ከሆነ ኩባያዎ 250 ሚሊ ሊትር ነው፤ ለአሜሪካው ካፕም በጣም ይቀርባል።

3. የ1 ሊትር ምልክት ለማድረግ፦ በንጹሕ ጆግ ውስጥ ሁለት የ500 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ውሃ ጨምረው ውሃው በደረሰበት ላይ በማይለቅ ቀለም ያስምሩ። ከዚያ ወዲህ ኦ.አር.ኤስ. በዚያ ጆግ ብቻ ይበጥብጡ።

ለጤና በጎ ፈቃደኞች

ቤት ለቤት ስትዘዋወሩ «መድኃኒቱን ሰጡት?» ብሎ መጠየቅ በቂ አይደለም። የሚከተለውን ንግግር ልብ በሉ፦

— እህቴ፣ ለልጁ ሽሮፑን ምን ያህል ሰጡት?
— አንድ ማንኪያ። ወንድሜ ከአሜሪካ በስልክ እንደነገረኝ ነው ያደረግኩት።
— በየትኛው ማንኪያ እንደለኩት ያሳዩኝ።
— ይኸው፤ ወጥ የማወጣበት።
— ጠርሙሱስ የት አለ? አብረን እንየው።

ወንድምየው በስልክ ያለው የሻይ ማንኪያ ነው፤ እናትየዋ የሰማችው «ማንኪያ» የሚለውን ብቻ ነው። ሁለቱም ለልጁ አስበው ነበር፤ የመለኪያው ስም ግን በመካከል ጠፋ። በመሆኑም በጎ ፈቃደኛው፦
- ማንኪያውንና ጠርሙሱን በዓይኑ ይይ፤
- በጠርሙሱ ላይ ያለውን ሚሊ ግራምና ሚሊ ሊትር ሁለቱንም ይጻፍ፤
- መጠኑ የሚያጠራጥር ከሆነ በራሱ ሳይወስን ቤተሰቡን ወደ ክሊኒክ ይላክ፤
- እናቲቱን ሳይወቅስ በቱቦ እንዴት እንደሚለካ ያሳያት፤ የተወቀሰች እናት በሚቀጥለው ጊዜ ልትደብቅ ትችላለችና።

ወደ አሜሪካ ለሚሄዱ

በመልሶ ማስፈር ወደ አሜሪካ የሚሄድ ቤተሰብ ወተትን በጋሎንና በግማሽ ጋሎን፣ ነዳጅን በጋሎን ሲሸጥ ያገኛል። የቆርቆሮ ለስላሳ መጠጥ 12 አውንስ፣ ማለትም 355 ሚሊ ሊትር ነው። በ16.9 አውንስ የሚሸጠው የውሃ ጠርሙስ ደግሞ እዚህ የምናውቀው 500 ሚሊ ሊትር ነው። በፋርማሲ የልጅ መድኃኒት ሲቀበሉ «በሚሊ ሊትር ስንት ነው?» ብለው ይጠይቁ፤ መለኪያ ቱቦም እንዲሰጥዎት ይጠይቁ። ይህን መጠየቅ የሚያሳፍር አይደለም። ከዚያ ሆነው እዚህ ላለ ዘመድ በስልክ ሲነግሩም «ማንኪያ» አይበሉ፤ ሚሊ ሊትሩን ይንገሩ።

ራስዎን ይፈትኑ

1. በጡጦ ላይ 4 አውንስ የሚል መስመር አለ። ስንት ሚሊ ሊትር ነው?
2. በወረቀት ላይ «1 ተኩል የሻይ ማንኪያ» ተብሏል። በቱቦ ስንት ሚሊ ሊትር ይስባሉ?
3. ለ1 ሊትር የሆነ ኦ.አር.ኤስ. አለዎት፤ ያለዎት ጠርሙስ 16.9 አውንስ ነው። ስንት ጠርሙስ ውሃ ያስፈልጋል?
4. ለ20 ሊትር የሆነ የክሎሪን ኪኒን በ1 ጋሎን ዕቃ መጨመር ይቻላል?
5. በአስቸኳይ ጊዜ እርዳታ ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር ውሃ ይታሰባል። 6 ሰዎች ላሉት ቤተሰብ ስንት ሊትር፣ ስንት የ20 ሊትር ጀሪካን፣ ስንት የአሜሪካ ጋሎን ይሆናል?

መልስ፦ 1) 120 ሚሊ ሊትር። 2) 7.5 ሚሊ ሊትር። 3) ሁለት ጠርሙስ። 4) አይቻልም፤ ክሎሪኑ ከ5 እጥፍ በላይ ይሆናል። 5) 90 ሊትር፣ አራት ጀሪካን ተኩል፣ 24 ጋሎን ገደማ።

አይርሱ

- ቁጥር ያለ መለኪያው ስም መጠን አይደለም።
- የሻይ ማንኪያ 5፣ የሾርባ ማንኪያ 15፣ ፈሳሽ አውንስ 30፣ ካፕ 240 ሚሊ ሊትር፤ የአሜሪካ ጋሎን 3.8 ሊትር ነው።
- ኳርትና ሊትር ይቀራረባሉ፤ ፓይንትና ሊትር፣ የሻይና የሾርባ ማንኪያ ግን በጣም ይራራቃሉ።
- ሚሊ ሊትሩን ከለወጡ በኋላ ሚሊ ግራሙንም ያንብቡ።
- ከተጠራጠሩ ጠርሙሱን ይዘው ክሊኒክ ይጠይቁ።

ይህንን ገጽ ቆርጠው መድኃኒት በሚያስቀምጡበት ቦታ ይለጥፉት፤ ማንበብ ለማይችሉ ጎረቤቶችዎም ያንብቡላቸው።